ዞርኪዋና ያልወጣው ፎቶአችን

(በ40ኛ ዓመት የምረቃ መታሰቢያ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ "ከጡረታ በኋላ ምን እየሠራህ ነው?" ሲለኝ "አሮጌ ካሜራ እየፈታሁ እገጥማለሁ" አልኩ። "በቃ፣ እሱን ንገረን፤ ግን ከምሳ በፊት ስለሆነ እንዳታስረዝም" ተባልኩ። እሺ ብዬ መጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የመጣሁት ስለ ካሜራ ላወራችሁ ብቻ አይደለም። አርባ ዓመት የተሸከምኩት ዕዳ አለብኝ፤ ባለዕዳዎቹም አብዛኞቻችሁ እዚሁ አላችሁ። ዕዳው እንዲገባችሁ ካሜራዋን ማወቅ ስላለባችሁ ከእሷ እጀምራለሁ።

ይቺውላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ላትታያችሁ ትችላለች፤ ከሻይ በኋላ እያዞራችሁ ታዩዋታላችሁ። "እንዴ! ያቺ የራሺያ ካሜራ እስከ ዛሬ አለች?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አዎ፣ አለች። ከብዙዎቻችን ጉልበት በተሻለ ሁኔታም ትሠራለች።

ስሟ ዞርኪ-4 ይባላል። "ዞርኪ" በሩሲያኛ ዐይነ ጥሩ፣ አጥርቶ የሚያይ ማለት ነው። ይህን ትርጉም ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ በሚባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1973 ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። የኔዋ የፋብሪካ ቁጥሯ በ70 ስለሚጀምር በ1970 የተሠራች ናት። የዘር ሐረጓ ግን ጀርመን ይደርሳል። ኦስካር ባርናክ የሚባል ባለሙያ ለሲኒማ የሚሠራውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ኪስ በምትገባ ካሜራ እንጠቀምበት ብሎ ላይካን ፈጠረ። ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ላይ ዋለች፤ በ1932 ደግሞ ርቀት የሚለካ መሣሪያ ከሌንሷ ጋር ተያያዘላት። ሶቪየቶች ይህችኑ ቀድተው በ1934 ካርኮቭ ላይ "ፌድ" ብለው ማምረት ያዙ፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ክራስኖጎርስክ ደግሞ ዞርኪን አወጣ። ሌንሷ ጁፒተር-8 ይባላል፤ እሱም የዛይስ ኩባንያ "ዞናር" የተባለው የጀርመን ሌንስ ልጅ ነው። እንግዲህ እኛ "የራሺያ ካሜራ" እያልን ያንጠለጠልናት ግማሽ ጎኗ ጀርመናዊት ነበረች።

ወደ እኔ የመጣችው በአጎቴ ልጅ በኩል ነው። ኪየቭ ተምሮ በ1965 ሲመለስ ይዟት መጣ። በ1971 ማትሪክ አልፌ ስድስት ኪሎ ስገባ "እንካ፣ አደራ" ብሎ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ሦስት ትእዛዝ አስቆጠረኝ።

አንደኛው፤ "መጀመሪያ ጠምዝዝ፣ ከዚያ ፍጥነቱን ምረጥ" የሚል ነበር። በዞርኪ ሹተሩን ሳትጠመዝዝ የፍጥነት ቁጥሩን ከለወጥክ ውስጧ ያለው ጥርስ ሊሰበር ይችላል። ሁለተኛው፤ "ፊልሙን ስትጠመዝዝ በግራ በኩል ያለውን መመለሻ ጉልላት ተመልከት። አብሮ ከዞረ ፊልሙ እየሄደ ነው፤ ካልዞረ ባዶ ታነሳለህ" አለኝ። ሦስተኛውን ግን ጣቱን ቀስሮ ነው የተናገረው፤ "ሌንሷን ከፍተህ ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጣት። መጋረጃዋ ይቃጠላል። ካላነሳህ ክዳኗን ግጠም!"

እውነቱን ነው። እንደነ ዜኒት ያሉት ካሜራዎች ከመጋረጃው ፊት መስታወት ስላላቸው ይከለልላቸዋል። ዞርኪ መስታወት የላትም። ከሌንሱ ጀርባ ያለው ጎማ የተቀባ ስስ የጨርቅ መጋረጃ ብቻ ነው። ልጅ ሆነን በማጉያ መነጽር ወረቀት ስናቃጥል እንደነበረው፣ ሌንሱ ፀሐይዋን ጨርቁ ላይ ሰብስቦ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ይበሳዋል። ከዚያ በኋላ በየፎቶው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ነው። ሦስተኛዋን ትእዛዝ እንደ ጸሎት ነበር የያዝኳት። የጎዳችኝም እሷው ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሯ ልምጣ። የቅየሳ ኮርስ የወሰዳችሁ (ሁላችንም ወስደናል፤ ማን እንደደገመው አልናገርም) ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። ፊቷ ላይ ሁለት መስኮት አለ፤ አንዱ ከሌላው የሚርቀው 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዐይናችሁን ከኋላ ስታስጠጉ የሁለቱም መስኮቶች ምስል ተደራርቦ ይታያችኋል። በትክክለኛው ርቀት ላይ ካልሆነች መሃሉ ላይ ሰውየው ሁለት ሆኖ ይቆማል። ሌንሷን ስታዞሩ አንዱ ምስል ወደ ሌላው ይሄዳል። ሁለቱ ገጥመው አንድ ሰው ሲሆኑ ርቀቱ ተለካ ማለት ነው፤ ሌንሷም ለዚያው ርቀት ተስተካክላለች። ሌላ ምንም አይደለም፤ ሜዳ ላይ በፀሐይ ስንሠራው የነበረው የሦስት ማዕዘን ልኬት ነው። መነሻ መስመር አለ፣ ማዕዘን አለ፣ ርቀቱ ይወጣል። ካሜራ ውስጥ የተቀመጠች ቀያሽ በሏት።

ሌሎች ደጋግ ጠባዮችም አሏት። ባትሪ የሚባል ነገር አታውቅም። ብርሃን መለኪያም የላትም፤ ያንን በጭንቅላት እንሠራዋለን። 125 አሳ ፊልም ከገባ፣ የአዲስ አበባ የጥር ፀሐይ ላይ ፍጥነቱን 1/125፣ ቀዳዳውን 16 አድርጎ ማንሳት ነው። ደመና ከሆነ 8፣ ጥላ ከሆነ 5.6። በዚያ ዘመን ከምሥራቅ ጀርመን የሚመጣው ኦርዎ ፊልም በዚህ ሂሳብ አሳፍሮኝ አያውቅም። ስትነሳም አትጮህም፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተኝታችሁ ያነሳኋችሁ ሰዎች ያልነቃችሁት ለዚህ ነው። ከመመለሻ ጉልላቱ ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ ዘንግ አለች። በሃያ ዓመቴ ምን እንደምትሠራ አልገባኝም ነበር። መመልከቻውን ለደካማ ዐይን የምታስተካክል ናት። ዛሬ ከሁሉ በላይ የምወዳት እሷን ነው።

አንድ ክፉ ጠባይ ግን አላት፤ ሰውን የሚያዋርደውም እሱ ነው። በመመልከቻው የምታዩት ሌንሷ የምታየውን አይደለም። የእናንተ ዐይን በአንድ መስኮት ያያል፤ ፊልሙ በሌላ ቀዳዳ ያያል። ሁለት መንገድ ነው። ስልካችሁ የሚያሳያችሁ ሌንሱ የሚያየውን ነው፤ ዜኒትም እንደዚያው ናት፤ ጣታችሁ ሌንሱ ላይ ቢያርፍ ታዩታላችሁ። ዞርኪ ግን አትነግራችሁም። ሌንሷ በጨርቅ ቢታሠር እንኳ በመመልከቻው ዓለም ብሩህ፣ ጥርት ያለና ያማረ ሆኖ ይታያችኋል።

አሁን ወደ ዕዳዬ ደረስኩ።

1975፣ ሰኔ ላይ ነው። ፈተና ጨርሰናል። ምደባ ሊወጣ ነው፤ ማን ጎሬ፣ ማን አሥመራ፣ ማን አርባ ምንጭ እንደሚሄድ አይታወቅም። ሁላችንም አንድ ላይ ሆነን የምንቆምበት የመጨረሻ ቀን እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ቅዳሜ ጠዋት ከራስ መኮንን አዳራሽ ፊት ለፊት ተሰበሰብን፤ 31 ነበርን። ግማሾቻችን የለበስነው ኮት የውሰት ነበር። ከመመገቢያ አዳራሽ ጠረጴዛ ተዋስን፤ ላዩ ላይ ሦስት የካርቶግራፊ መጻሕፍት ደርበን ካሜራዋን አስቀመጥናት። እኔም ከውስጡ እንድገባ ራሷን በራሷ የምታነሳበትን ማቆያ ልጠቀም ነው፤ ዘንጓን ወደ ታች አውርደህ ትለቃታለህ፣ እሷ እየተንዘረዘረች አሥር ሰከንድ ያህል ትቆጥርልሃለች፣ አንተ ትሮጣለህ።

ደመናው ገለል ብሎ ፀሐይ ወጣች። አንዲት ልጅ ጸጉሯን ልታስተካክል ሄዳ ዘገየች (አለች እዚህ፤ እየሳቀች ነው)። እስክትመጣ ብዬ ሦስተኛዋን ትእዛዝ አሰብኩና ክዳኗን ገጠምኩ።

ልጅቷ መጣች። "ቶሎ በል፣ ፀሐዩ ሊሄድ ነው!" ብላችሁ ጮኻችሁ። ዐይኔን አስጠጋሁ። ርቀት ለመለካት ቀጥ ያለ ጠርዝ ያስፈልጋል፤ ከፊት ረድፍ መሃል የተንበረከከው ጓደኛችን ነጭ ኮሌታ ነበረው፣ እሱን ያዝኩ። ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለት ሆኖ ታየኝ። ሌንሷን በዝግታ አዞርኩ። ሁለቱ ኮሌታዎች ተጠጉ፣ ተነካኩ፣ አንድ ሆኑ። እየሳቀ ነበር። 6 ሜትር። ቀዳዳው 8 ላይ ስለነበረ ከ4 ሜትር እስከ 14 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ይላል፤ ሦስቱም ረድፍ ገብቷል። ማቆያዋን ለቅቄ ሮጥኩ። ቀጭ አለች። "ለጥንቃቄ አንድ ድገም" አላችሁኝ፤ ደገምኩ። ሠለስኩ። ሦስቱንም ጊዜ ክዳኑ ከሌንሷ ላይ አልተነሳም።

31 የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ጥቁሩን ክዳን ፊት ለፊት እያየን ቆምን፤ አንዳችንም አላየንም። ከ6 ሜትር ላይ ጥቁር ክዳንና ጥቁር ሌንስ አንድ ናቸው። በዚህ ብቻ ጥፋቱን ብትጋሩኝ ደስ ይለኛል።

ክዳኑን ያገኘሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ሌላ ነገር ላነሳ ስል እጄ ነካው። ያን ጊዜ አላመንኩም፤ "ከዚያ በኋላ ገጥሜው ይሆናል" ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰኞ ፊልሙን ለማሳጠብ ሰጠሁ። ባለ ፎቶ ቤቱ ጠና ያሉ፣ ትሕትና ያላቸው ሰው ነበሩ። ሐሙስ ስሄድ ኔጋቲቩን አምፖል ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። ከ36ቱ ውስጥ 33ቱ አምረው ወጥተዋል። 19፣ 20 እና 21 ግን እንደ መስኮት መስታወት ነጭ ናቸው። "ልጄ፣ እነዚህ ሦስቱ ብርሃን አላዩም" አሉኝ። "ጠርዙ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን ጠቁረው ወጥተዋል፤ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። ክዳኑን ረስተኸው ይሆን?" ዝም አልኩ። ምንም አልጨመሩም፤ የሌሎቹን ዋጋ ብቻ ተቀብለው ሸኙኝ።

ያን ዕለት ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ "ፎቶው የታለ?" ስትሉኝ ምን እንዳልኳችሁ ታስታውሳላችሁ? "ፎቶ ቤቱ አበላሸው" አልኩ።

ሁላችሁም አመናችሁኝ። በአንድ መድኃኒት፣ በአንድ ዕቃ ውስጥ ከታጠበ ፊልም ላይ እንዴት ሦስቱ ብቻ ተመርጠው ይበላሻሉ ብሎ የጠየቀ የለም። ኬሚስትሪ ሳይሆን ጂኦግራፊ በመማራችን ነው ያመለጥኩት። በማግስቱ ሁለታችሁ በቁጣ ተነስታችሁ ሰውየው ዘንድ ሄዳችሁ። ተመልሳችሁም በኩራት ነገራችሁኝ፤ "ልክ ልካቸውን ነገርናቸው፤ 'ይቅርታ ልጆቼ' ብቻ ብለው ዝም አሉ።"

'ይቅርታ ልጆቼ' አሉ። እውነቱን ያውቁት ነበር። ኔጋቲቩ በእኔ እጅ ነው እንጂ፣ አንድ ቃል ቢናገሩ በእናንተ ፊት ያዋርዱኝ ነበር። አልተናገሩም። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሰማኋችሁ፤ "ተሳስታችኋል" ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ማናችንም ወደዚያ ፎቶ ቤት አልሄድንም።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ዛሬ እንደ ቀልድ እነግራችሁ ነበር። አላበቃም። ያ ነጭ ኮሌታ የነበረው ጓደኛችን በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ወሎ ውስጥ መጠለያ ጣቢያ ሲያገለግል ተስቦ ይዞት ሞተ። በዓመቱ እናቱ አዲስ አበባ መጥተው መሥሪያ ቤቴ ድረስ አፈላልገው አገኙኝ። "ልጄ፣ ስትመረቁ ካሜራ የያዝከው አንተ ነህ አሉኝ። የተመረቀበትን ጊዜ የሚያሳይ ፎቶ የለኝም፤ አንድ ስጠኝ" አሉ።

እዚያም ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። "እናቴ፣ ፎቶ ቤቱ አበላሸው" አልኩ።

አቀርቅረው ቆዩና "እጁ ይሰበር" አሉ።

የወለደች እናት፣ በሐዘኗ ላይ ሆና ረገመች። የረገሙት ባለ ፎቶ ቤቱን መሰላቸው። ክዳኑን የገጠመው እጅ ግን ጠረጴዛው ላይ፣ እፊታቸው ነበር። ሰጥቻቸው የሄዱት የቢሾፍቱ የመስክ ጉዟችን ላይ የተነሳውን ነው፤ ሆራ ዳር የቅየሳ ዘንግ ይዞ ቆሞ። ባርኔጣው ግማሽ ፊቱን ጋርዶታል። ተቀብለው ሳሙትና "ዐይኑስ የታለ?" አሉኝ። ዐይኑን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ በዞርኪ መመልከቻ ውስጥ፣ ሁለቱ ምስል አንድ ሆኖ ሲስቅ። አሁንም ብስለው የምችል ይመስለኛል። ፊልሙ ግን አላየውም።

በ1984 ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ቤቱ ጨርቃ ጨርቅ መሸጫ ሆኖ ነበር፤ ሰውየው የት እንደገቡ የሚያውቅ አላገኘሁም። የጓደኛችን እናትም አርፈዋል። ይቅርታ ሊያደርጉልኝ ከሚችሉት ውስጥ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ በመምህራኖቻችን ፊት እናገራለሁ፤ ፎቶአችንን ፎቶ ቤቱ አላበላሸውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከስህተቱ ውሸቱ ይበልጥ ከብዶኝ ኖሯል። ስህተቱ የአንዲት ጠዋት ነበር፤ ውሸቱ ግን አርባ ዓመት አብሮኝ ሲያድግ የኖረ ነው።

ካሜራዋን አሁን ሳጸዳ ስሟ ይገርመኛል። ዞርኪ፣ አጥርቶ የሚያይ። አጥርቶ ማየት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከእሷ ተማርኩ። ዛሬ እዚህ 17 ነን፤ 9 አርፈዋል፣ 5 ሊመጡ አልቻሉም። እያንዳንዳችን ያን ጠዋት በየራሳችን መስኮት ጥርት አድርገን እናየዋለን። የተመዘገበበት ቦታ ግን የለም። እኛ ስናልፍ አብሮን ያልፋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ።

አንደኛ፤ በር ላይ ባለው ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግቻለሁ። 31 ባዶ ክብ በሦስት ረድፍ ተሥሎበታል። የቆማችሁበት ቦታ ላይ ስማችሁን ጻፉ፤ በግራም በቀኝም ማን እንደነበረ ጻፉ። ብትከራከሩ አይከፋኝም፤ ሁለት ምስል እስኪገጥም ድረስ ማዞር ነው። ከፊት ረድፍ መሃል ያለውን ክብ እኔ ሞልቼዋለሁ። ወረቀቱ ሲያልቅ ኮሚቴው በዚሁ የመታሰቢያ መጽሔታችን ላይ እንዲያትመው ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። የቀሩትን 33 ምስሎችም አሳትሜ አምጥቻለሁ። ከጀርባቸው ስምና ቦታ እንጻፍባቸው፤ ልጆቻችን "ይሄ ማነው?" ብለው የሚጠይቁት ሰው ሳያጡ በፊት። እቤታችሁም ያሉትን እንዲሁ አድርጉ።

ሁለተኛ፤ ዞርኪዋ ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ገብቷል። ልጄ ናት ከውጭ የላከችልኝ፤ ራሴ መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ አጥበዋለሁ፤ የማሳብበው ፎቶ ቤት የለም። ከምሳ በፊት ውጭ ወጥተን አንድ ላይ እንነሳለን። ጸጉሯን የምታስተካክል ካለች አሁኑኑ ትሂድ።

ለክዳኑ ተቆጣጣሪ መርጫለሁ። ያን ጊዜ ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄደው ከተቆጡት ከሁለቱ አንዱ፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ፣ በእኔ ምክንያት ያላጠፋ ሰው ተቆጥተሃልና ይቅር በለኝ። ና፣ ይኸው፣ ክዳኑን አንተ ያዘው። ከፍ አድርገህ ለሁሉም አሳይ። በእጅህ ላይ ካላየሁት ማቆያዋን አለቅቃትም።

በሉ፣ ፀሐዩ ሳይሄድ እንውጣ።